«አይደለም» አምስት ፊደል ነው

ጥያቄ

እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ልጄ 8 ዓመቱ ነው። ኦቲዝም እንዳለው ያወቅነው በ4 ዓመቱ ነው። ይናገራል፣ ያነባል፣ ስለ ፕላኔቶች ከጀመረ ማቆሚያ የለውም። ትምህርት ቤት ጻፍ ሲባል ግን ሌላ ልጅ ይሆናል። ግማሽ መስመር ይጽፋል፣ ያጠፋል፣ እንደገና ይጽፋል፣ ወረቀቱ እስኪቀደድ በላጲስ ይፈትገዋል። ባለፈው ሳምንት እርሳሱን ሰብሮ ጠረጴዛ ስር ገባ። አስተማሪው «ስንፍና ነው፣ ሲፈልግ ይችላል» ይላሉ። ስላልጨረሰም በእረፍት ሰዓት ክፍል ውስጥ ያስቀሩታል። እኔ ማታ ማታ እጁን ይዤ አስጽፈዋለሁ። ሁለታችንም አልቅሰን ነው የምንተኛው። አባቱ «በስልክ ይጻፍ» ይላል። እኔ ደግሞ ያን ጊዜ የእጅ ጽሕፈት ጭራሽ ይቀርበታል ብዬ እፈራለሁ። ምን ላድርግ?

የቸገራት እናት

መልስ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። «ሁለታችንም አልቅሰን» የሚለው ጋ ስደርስ ማንበቤን አቁሜ ትንሽ ተቀመጥኩ። የእኔም ልጅ ኦቲዝም አለው። ዛሬ 22 ዓመቱ ነው። በልጅሽ ዕድሜ ሳለ እኔ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበርኩ። ቀን የሰው ልጆች ሳስጽፍ ውዬ ማታ የራሴን ማስጻፍ አቃተኝ። ያንን ማታ አውቀዋለሁ።

ከዛሬ ጀምረሽ እጁን ይዘሽ ማስጻፉን ተይው። ሰው እጁን ሲመራለት የሚሠራው የመሪው እጅ ነው፤ የእሱ ዝም ብሎ ይከተላል። ልጅ ፊደል የሚለምደው ራሱ ሲሞክር፣ ሲሳሳት፣ ሲያስተካክል ነው። በዚያ ላይ ኦቲዝም ያላቸው ብዙ ልጆች ሳይጠየቁ መነካት ይከብዳቸዋል። አንቺ እየረዳሽው ነው፤ እሱ ግን እንደዚያ ላይሰማው ይችላል። ለአንድ ሳምንት ቤት ውስጥ የጽሕፈት ትግል አይኑር። ሳምንቱ አይባክንም። የት ጋ እንደሚከብደው ታዪበታለሽ።

«ጻፍ» ማለት ቀላል ነው፤ ውስጡ ያለው ሥራ ግን ብዙ ነው። የሚባለውን ማሰብ አለ። ቃል መምረጥ አለ። ዓረፍተ ነገሩ እስኪያልቅ ሳይረሱ መቆየት አለ። ፊደሉን ማስታወስ፣ እጅን ማዘዝ፣ በልኩ መጫን፣ መስመር መጠበቅ፣ ቀጥ ብሎ መቀመጥ፣ ከኋላ የሚንሾካሾኩትን አለመስማት። እኔና አንቺ አብዛኛውን ሳናስበው እንሠራዋለን። ልጅሽ እያንዳንዱን እያሰበ ነው የሚሠራው፤ ያውም ሁሉንም በአንድ ጊዜ።

አስተማሪው «ሲፈልግ ይችላል» ያሉት፣ አንድ ቀን ሦስት መስመር ጽፎ በማግስቱ ምንም ስለማይጽፍ ይመስለኛል። ይሄ ያሳስታል። እኔንም ለዓመታት አሳስቶኛል። እንቅልፉ፣ የክፍሉ ጫጫታ፣ ከዚያ በፊት የነበረው ክፍለ ጊዜ አቅሙን ይበሉበታል። ትናንት የቻለው ዛሬ ካቃተው ያለቀው ጉልበቱ ነው።

ይሄ ደግሞ ትናንት የተገኘ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1944 የቪየናው ሐኪም ሃንስ አስፐርገር ስለ እነዚህ ልጆች ሲጽፍ፣ ለአንደኛው ልጅ እርሳሱ እንደማይታዘዝለት መዝግቧል። ሐኪሙ በናዚ ዘመን በሠራው ሥራ ዛሬ በጽኑ ይወቀሳል፤ ሊወቀስም ይገባዋል። ያየው ነገር ግን እውነት ነበር። ኦቲዝም ያላቸው ብዙ ልጆች የእጅና የሰውነት እንቅስቃሴን ማቀናጀት ይቸግራቸዋል። መገጣጠሚያቸው ከልክ በላይ የሚተጣጠፍም አሉ። የእነዚህ ጣት እርሳስ ላይ ቶሎ ይደክማል፤ ያማልም።

በዚህ ሳምንት ሦስት ነገር ሞክሪ፤ በተለያየ ቀን፣ አጠር አጠር አድርገሽ። አንድ ማታ ስለሚወዳት ፕላኔት ይንገርሽና ድምፁን በስልክ ቅጂው። ሌላ ቀን ሁለት መስመር ብቻ ከመጽሐፍ ይገልብጥ። በሦስተኛው ቀን ያንኑ የፕላኔቱን ወሬ በስልክ ወይም በኮምፒውተር ፊደል እየነካ ይጻፈው። ከዚያ ሦስቱን ጎን ለጎን እዪአቸው። ሲናገር ጎርፍ ሆኖ ሲገለብጥ ከተሰቃየ ችግሩ እጁ ላይ ነው። መገልበጡ ሰላም ሆኖ የራሱን ሲጽፍ ባዶ ወረቀት ላይ ከፈዘዘ፣ የከበደው ሐሳቡን መደርደርና መጀመር ነው። ሲነካካም ፊደል ከጠፋው የቃላት አጻጻፉን መርዳት ያስፈልጋል። ሁለቱ ወይም ሦስቱም አብረው ሊሆኑ ይችላሉ። ዓይኑንም አስመርምሪለት፤ ይሄን ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ስለ ልጄ አንድ ነገር ልንገርሽ። በ8 ዓመቱ ነፍሱ ዓሣ ነባሪ ነበር። እንስሳው አየር እንደሚተነፍስ፣ ልጁን ጡት እንደሚያጠባ፣ በስሙ ውስጥ ዓሣ ቢኖርም ዓሣ እንዳልሆነ እራት እስኪበርድ ያስረዳናል። አንድ ቀን ደብተሩን ስገልጥ «ዓሣ ነባሪ ዓሣ ነው» ብሎ ጽፏል። አስተማሪው ትልቅ ኤክስ አድርገውበታል። ደነገጥኩ። «ዓሣ አይደለም ትል አልነበር?» አልኩት። «አይደለም አምስት ፊደል ነው፤ ነው ግን ሁለት» አለኝ። እጁ ስለደከመ ውሸቱን መርጦ ጻፈ። ልጄ በማያውቀው ነገር ሳይሆን እጁ ባልቻለው ነገር እየታረመ እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ እጁንና እውቀቱን ለይቼ ነው የማየው። አንቺም ለዪያቸው።

ለእጁ የሚደረገው ከወንበር ይጀምራል። እግሩ ተንጠልጥሎ ከሆነ ሰውነቱን ለመደገፍ ሲታገል እጁ ነጻ አይሆንም። ከእግሩ ስር የቆዩ መጻሕፍት ደርድሪለት። ጠረጴዛው በክርኑ ልክ ይሁን። ወፍራም ክላሰር በጎኑ አስተኝተሽ ወረቀቱን እሱ ላይ ብታደርጊው ተዳፋት ይሆንና አንጓውን ያሳርፍለታል። እርሳሱ አጭር ይሁን፤ አጭር እርሳስ በጡጫ አይያዝም። ለስላሳ፣ ጥቁሩ ቶሎ የሚወጣ እርሳስ፣ ለምሳሌ 2ቢ፣ ብዙ መጫን አይጠይቅም። በጣም የሚጫን ከሆነ ከወረቀቱ ስር ለስላሳ ካርቶን አድርጊ። ሲጫን ወረቀቱ ይበሳል፤ ሳትናገሪው ራሱ ኃይሉን ይለካል። አያያዙ እንደ መጽሐፉ ካልሆነ ግን አትጨቃጨቂው። ካላመመውና የሚጽፈው ከተነበበ ይበቃል።

ላጲሱን ደብቂው። እውነቴን ነው። ብዙዎቹ ልጆቻችን ፊደል ትንሽ ከተንጋደደ ዓለም የተንጋደደ ይመስላቸዋል። «የተሳሳተ ላይ አንድ ሰረዝ፣ ከዚያ ወደፊት» የሚል ሕግ አውጡ። ሕግ ይወዳሉ፤ እኛ ራሳችን ካከበርነው። አንቺም ስትጽፊ ተሳሳቺና ሰርዢ፣ ይይሽ። የእርሳሱ ድምፅም ሊሆን ይችላል። የእኔ ልጅ የእርሳስ ፍጭትጭት ጥርሱን ያመው እንደነበር የነገረኝ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ቀጭን ማርከር ስሰጠው በዚያው ሳምንት ለውጥ አየሁ። ምነው ቀድሜ በጠየቅኩት!

ፊደላችንም የራሱ ጣጣ አለው። 33ቱ በሰባት በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው፤ ብዙዎቹ የሚለያዩትም በጭረት ነው። ቡ ሰረዙ ወገቡ ላይ፣ ቢ እግሩ ላይ፣ ቤ እግሩ ላይ ቀለበት። ቀለበቷን በትንሽ መስመር ውስጥ መሥራት ለደከመ ጣት ከባድ ነው። ስለዚህ መስመሩ ሰፊ ይሁን፣ የሚቆምበት መስመር በሃይላይተር ይቅለም። ልምምዱን ከሀ እስከ ፐ በተራ አታድርጊው። እንቅስቃሴያቸው የሚመሳሰሉትን ሰብስቢ፤ በ፣ ሰ፣ ሸ አንድ ላይ፣ ክብ ያለባቸው ዐ፣ ፀ፣ መ አንድ ላይ። በቀን 5 ደቂቃ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፤ ደስ እያለው አቁሚው። ፊደሎቻችን አለመቀጣጠላቸው ለእሱ በጎ ነው። በእያንዳንዱ መሃል እጁን ማንሳትና ማረፍ ይችላል።

አሁን ወደ አባቱ ሐሳብ። አባቱ ልክ ነው፤ የአንቺም ፍርሃት ከንቱ አይደለም። ሁለቱ በተለያየ ሰዓት ይሁኑ። በአምስቷ ደቂቃ ልምምድ እጁ ይሠራል፣ ሐሳብ አይጠየቅም። የሚያውቀውን በሚገልጽበት ሰዓት ደግሞ እጁ ይረፍ፤ በስልክ ይንካ፣ ወይም ይናገርና አንቺ ጻፊለት። ስትጽፊለት ቃሉን አታሳምሪ፣ እንዳለው አስፍሪው። በ ሲነካ ቡ፣ ቢ፣ ባ የሚዘረዝር የአማርኛ መጻፊያ ለልጅ ይመቻል፤ በላቲን ፊደል ድምፁን እያሰበ መልሶ ፊደል ከሚያወጣበት ይሻለዋል። የስልክ የድምፅ መጻፊያም አማርኛ ይቀበላል፤ ስህተቱን አብራችሁ ታርማላችሁ። የእኔ ልጅ ዛሬ ሥራውን ሁሉ የሚጽፈው በኮምፒውተር ነው። የእጅ ጽሕፈቱም አልጠፋም፤ ማስታወሻና ፊርማ ይበቃዋል።

ባዶ ወረቀት ፊት የሚፈዝ ከሆነ ርዕሱን እዪው። «ስለ ዕረፍት ጊዜህ ጻፍ» ለእኛ ቀላል ነው። ለእሱ ግን ከየት ይጀመራል? ስንት ይበቃል? አስተማሪው የትኛውን ቀን ነው የሚፈልጉት? ሦስት ፎቶ ደርድሪለት፤ ለእያንዳንዱ አንድ ዓረፍተ ነገር። የመጀመሪያውን ግማሽ ዓረፍተ ነገር አንቺ ጀምሪለት። ያለቀ ጽሑፍ ምን እንደሚመስል አሳዪው። ማለቂያው የታየው ልጅ ለመጀመር ይደፍራል። ርዕሱን ወደ ፕላኔቶች ማዞር ከተቻለ ደግሞ ይዙር። ማባበል አይደለም፤ እዚያ ሐሳብ ለመፈለግ ጉልበት አያወጣም።

የእረፍቱ ነገር ግን አበሳጭቶኛል። አስተማሪ ሆኜ እኔም ያንን አድርጌያለሁ፤ የራሴ ልጅ ሳይወለድ፣ አንዲት ጽሑፍ የማትጨርስ ልጅ ነበረችኝ። ዛሬም አስባታለሁ። ከማንም በላይ እረፍቱ የሚያስፈልገው እጁና ጭንቅላቱ የደከመው ልጅ ነው። ጠረጴዛ ስር የገባውም እምቢ ለማለት አይመስለኝም። ሞልቶ ፈስሶበት ነው። ያን ጊዜ ጥያቄ አይቀርብለት፤ ጸጥታ ይሰጠው፣ ከተረጋጋ በኋላ ይነጋገሩት።

ለአስተማሪው በስልክ ከመናገር አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፊ። ክስ አይሁን። የቀዳሽውን ድምፅ አስከትዪ፤ ያንን ሰምቶ «ሰነፍ» ማለት ይከብዳል። እንዲህ ብትዪ ጥሩ ነው፦ «ልጄ መልሱን ያውቃል፤ ወደ ወረቀት ማውረዱ ነው የሚያቅተው። በዚህ ወር ሦስት ነገር ብንሞክር እወዳለሁ። ከሰሌዳ ከሚገለብጥ የተጻፈውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ቢያገኝ። የሳይንስ መልሱን በቃል ወይም በታይፕ ቢቀበሉት፣ ጽሕፈቱንም ለብቻው ቢያርሙት። እረፍቱን ደግሞ እንዳያጣ።» ፈተና ላይ ተጨማሪ ሰዓት መጠየቅም ነውር የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 24 ላይ ለተማሪው ፍላጎት ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲደረግ ይላል። የምትጠይቂው ችሮታ አይደለም። ኦኩፔሽናል ቴራፒስት፣ ማለትም እንደ መጻፍና መልበስ ባሉ የዕለት ሥራዎች የምትረዳ ባለሙያ፣ የምታገኚ ከሆነ እጁንና አቀማመጡን አይታ የጻፈችውን ወረቀት ከደብዳቤሽ ጋር አያይዢው።

ደግሞ ልጁን ራሱን ጠይቂው። «ስትጽፍ ምንህን ነው የሚያምህ?» በዪው። ወዲያው ካልመለሰ ተዪው፣ ጊዜ ስጪው። የሚልሽን ጻፊልኝ፤ እጠብቃለሁ።

ጥያቄ

እትዬ፣ አስተማሪ ነኝ። ኦቲዝም ላለው ተማሪዬ በታብሌት እንዲጽፍ ፈቀድኩ። ሌሎቹ ልጆች «ለምን ለእሱ ብቻ?» ይሉኛል። ምን ልበላቸው?

መልስ

መምህር፣ በመፍቀድዎ አመሰግናለሁ። መጀመሪያ ልጁንና ወላጆቹን ይጠይቁ፤ ምን እንዲነገር እንደሚፈልጉ እነሱ ይወስኑ። ከፈቀዱ አጭር እውነት ይበቃል፦ «በእርሳስ ሲጽፍ እጁን ያደክመዋል፤ ስለዚህ ሐሳቡን በታብሌት ይጽፋል።» ልጆች እኛ ከምናስበው በላይ ይረዳሉ።

ከዚያ ሌሎቹን መርጃዎች ለሁሉም ክፍት ያድርጓቸው። ሰፊ መስመር ያለው ወረቀት፣ አጫጭር እርሳሶች፣ ተዳፋት የሚሆን ክላሰር አንድ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጡና የፈለገ ይውሰድ። እኔ ይህን ባደረግኩበት ዓመት መጀመሪያ የወሰዱት ያልጠበቅኳቸው ሁለት ልጆች ነበሩ። ዓመቱን ሙሉ እጃቸውን ሲያማቸው ዝም ብለው ኖረዋል።