የድሮ ስሎት ማሽን ባትሪ በወር ስንት ሰዓት ይፈልጋል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በ1980ዎቹ የተሠራ ባለ ሦስት ሪል (የሚሽከረከር ጎማ) ስሎት ማሽን፣ ማለትም የቁማር ማሽን አለኝ። እሑድ እሑድ ለአንድ ሰዓት ያህል አበራዋለሁ። ጥቂት ሳምንት ሳልነካው ከቆየ ግን ክሬዲቱና ቆጣሪው ጠፍተው የስህተት ቁጥር ያሳየኛል። ባትሪውን በአዲስ ቀይሬዋለሁ፤ ባለ 3.6 ቮልት፣ 100 ሚሊአምፔር ሰዓት ኒኬል ካድሚየም ነው። ምን ጎደለው? (ከላስ ቬጋስ)

መልስ፦ ባትሪው ጤነኛ ሳይሆን አይቀርም፤ ያነሰው ማሽኑ የሚበራበት ሰዓት ነው። ባትሪው ቻርጅ የሚሆነው ማሽኑ ሲበራ ብቻ ነው፣ ያውም በጣም በዝግታ። ብዙውን ጊዜ ኃይሉ ከ5 ቮልት መስመር ተነስቶ በአንድ ዳዮድ (ኃይልን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ) እና በአንድ ሬዚስተር (ኃይሉን የሚገድብ) በኩል ይደርሰዋል። ሬዚስተሩ 220 ኦም ነው እንበል። ዳዮዱ 0.6 ቮልት ይወስዳል፣ ባትሪው 3.9 ቮልት ላይ ይቆማል፤ የተረፈው 0.5 ቮልት ለ220 ሲካፈል 2.3 ሚሊአምፔር ገደማ ይሰጣል። በእርስዎ ማሽን የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ላይ ስንት እንደሆነ ለማወቅ፣ ማሽኑ በርቶ ሳለ በሬዚስተሩ ሁለት ጫፍ መካከል ያለውን ቮልት ይለኩና ለኦሙ ያካፍሉ። ዜሮ ካገኙ ዳዮዱ ተቃጥሏል ወይም መስመሩ ተበጥሷል። ሲለኩ 120 ቮልት ወዳለበት የኃይል ክፍል እጅዎን አያስጠጉ።

አሁን ወጪውን እንይ። ኒኬል ካድሚየም ዝም ብሎ ቢቀመጥም በወር ከ10 እስከ 20 በመቶው ይባክናል፤ የእርስዎ ባትሪ 15 ሚሊአምፔር ሰዓት ያህል ያጣል ማለት ነው። ማሽኑ ሲጠፋ ክሬዲቱንና ቆጣሪውን በባትሪው ኃይል የሚይዘው የማስታወሻ ቺፕ 10 ማይክሮአምፔር የሚስብ ከሆነ በወር 7 ይጨመርበታል። በድምሩ 22። የገባው ሁሉ ስለማይጠራቀም ለ22ቱ 31 ያህል መስጠት ያስፈልጋል፤ ይህም በ2.3 ሚሊአምፔር ከ13 ሰዓት በላይ ይፈጃል። እርስዎ በወር አራት ሰዓት ብቻ ስለሚሰጡት በየወሩ ዕዳ ውስጥ ይገባል። በሳምንት ሦስት ሰዓት ተኩል ቢያበሩት ይበቃዋል። የቻርጁ ኃይል ትንሽ ስለሆነ ማሽኑ ረዘም ላለ ጊዜ ቢበራም ባትሪውን አይጎዳውም፤ ይሁን እንጂ የዚህን ዕድሜ ማሽን ሰው በሌለበት ቤት አብርቶ መሄድ አይገባም።

አዲስ ባትሪ ደግሞ ሙሉ ሆኖ አይመጣም። በማሽኑ ብቻ ከባዶ ለመሙላት 60 ሰዓት ያህል ይወስዳል። ስለዚህ ከመግጠምዎ በፊት ውጭ ይሙሉት፦ 9 ቮልት አዳፕተር፣ በፕላሱ መስመር ላይ 470 ኦም ሬዚስተር፣ ከ14 እስከ 16 ሰዓት። ከዚያ በላይ አያቆዩት። ሞልቶ አንድ ሰዓት ካረፈ በኋላ 3.8 ቮልትና ከዚያ በላይ ማንበብ አለበት። 2.5 አካባቢ የሚያነብ ከሆነ ከሦስቱ ሴሎች አንዱ ሞቷል፤ ይጣል።

ጥያቄ፦ የእኔ ማሽን የእንግሊዝ ነው። ባትሪው ዙሪያ አረንጓዴና ነጭ ነገር አብቧል። በቤኪንግ ሶዳ ልጠበው? (ከለንደን)

መልስ፦ በሶዳ አይሆንም። ሶዳ የመኪና ባትሪን አሲድ ለማርከስ ነው። ከዚህ ባትሪ የሚፈሰው ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ግን አልካሊ ስለሆነ የሚያረክሰው አሲድ፣ ማለትም ነጭ አቼቶ ነው። የእንግሊዙን የቁማር ማሽን አምራች የባርክረስትን ኤም ፒ ዩ 4 ቦርድ ጨምሮ በዚያ ዘመን የወጡ ብዙ ቦርዶች ባለ 3.6 ቮልት ኒኬል ካድሚየም እላያቸው ላይ ተበይዶባቸዋል። ሲያረጅ ፈሳሹ ከአረንጓዴው ሽፋን ሥር እየሾለከ የመዳብ መስመሩን ይበላል፤ በዓይን የሚታየው ከጉዳቱ ከፊሉ ብቻ ነው።

ማሽኑን ከሶኬት ይንቀሉ፣ ቦርዱን ያውጡ፣ የፕላሱን ጎን ምልክት አድርገው ባትሪውን ቆርጠው ያንሱ። ጓንትና መነጽር ያድርጉ። አቼቶውን በጥርስ ብሩሽ ይቀቡ፣ አረፋው ሲያቆም በዲስቲልድ ውሃ ደጋግመው ያለቅልቁ። አቼቶው ራሱ አሲድ ነውና ከቀረ ይበላል። በመጨረሻ በአይሶፕሮፒል አልኮል ጠርገው አንድ ቀን ሙሉ ያድርቁት። የጠቆረ መስመር ካለ ሽፋኑን ፍቀው መዳቡ መብራቱን ይዩ፣ ከዚያም ከጫፍ ጫፍ በመልቲሜትር ይፈትሹ። የተቆረጠውን በቀጭን ሽቦ ይቀጥሉ። በአቅራቢያው ያሉ የቺፕ ሶኬቶች እግራቸው ከጠቆረ ይቀየሩ፤ ዛሬ ቢሠሩም ነገ ያስቸግራሉ። አዲሱን ባትሪ መልሰው ቦርዱ ላይ አይበይዱት። 15 ሴንቲሜትር ሽቦ ቀጥለው ከቦርዱ በታች ያስቀምጡት፤ ቢያፈስም የሚጎዳው ራሱን ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ በኒኬል ካድሚየሙ ፋንታ ሲአር 2032 የተባለውን የሳንቲም ቅርጽ ያለው ባትሪ ብገጥምስ? (ከዚያው ከለንደን)

መልስ፦ ይቻላል፤ ግን ይህ ሊቲየም ባትሪ ፈጽሞ ቻርጅ መደረግ የለበትም፤ ሊፈነዳ ይችላል። መጀመሪያ የቻርጁን ሬዚስተር ያውጡ፣ ቀጥሎ ከባትሪው ፕላስ ላይ 1ኤን4148 ዳዮድ፣ ቀለበቱ ወደ ቦርዱ ዞሮ፣ ይግጠሙ። ሾትኪ ዳዮድ ቮልት ይቆጥባል ብለው 1ኤን5817 የሚያስገቡ አሉ፤ እሱ ግን ወደ ኋላ ስለሚያሾልክ ለዚህ ሥራ አንመክረውም። ከ3 ቮልቱ 0.4 ያህል ቢቀነስም፣ ብዙዎቹ የዚያ ዘመን ዝቅተኛ ኃይል የማስታወሻ ቺፖች እስከ 2 ቮልት ድረስ ስለሚይዙ 2.6 ይበቃል። በ10 ማይክሮአምፔር ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ይቆያል። በየዓመቱ ይለኩትና ከ2.8 ቮልት በታች ሲወርድ ማሽኑ በርቶ ሳለ ይቀይሩት፤ ጠፍቶ እያለ ካወጡት ማስታወሻው ይጠፋል።