ቴሌቪዥን ላይ የሚቀርብ ተኳሽ በምን ይፈተን? ጥያቄና መልስ

ዒላማ ተኩስ ለረጅም ጊዜ ተወዳድሬያለሁ፤ ዓይኔ ሲደክም ደግሞ በዳኝነት ከተኳሾች ጀርባ ቆሜያለሁ። በቴሌቪዥን ስለሚታዩ የተኩስ ውድድሮች የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበርና ጥያቄው ጎረፈ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የመጫወቻ ካርታ ጠርዝ በጥይት ሲሰነጥቁ ሳይ አፌን ከፍቼ ነው የምቀረው። ይሄ እውነተኛ ችሎታ ነው ወይስ ትርኢት?

መልስ፦ ችሎታ ነው፤ ግን ዓይን የሚያየውን ያህል አይደለም። የካርታው ውፍረት ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። ጥይቱ ግን ትንሿ እንኳ ብትሆን ወደ 5.6 ሚሊ ሜትር ትሰፋለች። ስለዚህ የጥይቷ መሃል በግራም ሆነ በቀኝ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ቢስትም ካርታው መነካቱ አይቀርም። ወደ ላይና ወደ ታች መሳትማ ጭራሽ አይቆጠርም፤ ካርታው ረጅም ነዋ።

አሁን ከኦሊምፒኩ የ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ ጋር አስተያዩት። እዚያ 10 ነጥብ የሚያሰጠው ክብ ግማሽ ሚሊ ሜትር ነው፣ ጥይቷ 4.5። በየትኛውም አቅጣጫ ከ2.5 ሚሊ ሜትር በላይ የሳተ 10 አያገኝም። ተኳሹ ይህንን ቆሞ፣ ያለ አቅራቢ መነጽር፣ በ75 ደቂቃ ውስጥ 60 ጊዜ ይደጋግመዋል። ካርታ ሰንጣቂውን አንድ ነገር ብቻ ነው መጠየቅ የምፈልገው፦ ይሄ ስንተኛው ሙከራህ ነው? መልሱ ግን ብዙውን ጊዜ በቅንብር ተቆርጦ ወድቋል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በቴሌቪዥን ውድድር አሸናፊና ተሸናፊ በአንድ ጥይት ብቻ ቢለዩ ምን ችግር አለው? ልብ የሚሰቅለው እሱ እኮ ነው።

መልስ፦ ልብ መስቀሉን አልክድም። ስሌቱን ግን እይልኝ። ከ100 ጥይት 90 የሚመታና 80 የሚመታ ሁለት ተኳሾች አንድ አንድ ይተኩሱ። ሁለቱም ከመቱ ወይም ሁለቱም ከሳቱ ይድገሙ፤ አንዱ መትቶ ሌላው እስኪስት ድረስ። ደካማው ከ100 ፍልሚያ ወደ 31 ያህሉን ያሸንፋል። «ሲደጋገም ይስተካከላል» የሚል ሰው ብዙ ነው፤ አይስተካከልም፤ የሚፈርደው ምንጊዜም ያ የመጨረሻው ዙር ብቻ ስለሆነ። ሃያ ሃያ ተኩሰው ድምሩ ቢታይ ግን ደካማው የሚበልጥበት ዕድል ከ100 ወደ 13 ገደማ ይወርዳል።

የመጨረሻ ጥይት ጭንቀት የራሱ ፈተና መሆኑንም አውቃለሁ። አሜሪካዊው ማቲው ኤመንስ በአቴንስ 2004፣ በ50 ሜትር ጠመንጃ በሦስት አቋቋም (ተንበርክኮ፣ ተኝቶ፣ ቆሞ) ፍጻሜ፣ እየመራ የመጨረሻዋን ጥይት የጎረቤቱ ዒላማ ላይ አሳረፋት። ዜሮ ተሰጠው፤ ከአንደኛ ወደ ስምንተኛ ወረደ። ቤይጂንግ 2008 ላይም እየመራ ደርሶ በመጨረሻዋ ጥይት ከ10.9 ነጥብ 4.4 ብቻ አመጣና አራተኛ ወጣ። ሁለቱንም ጊዜ ለወርቅ ተራ ምት ይበቃው ነበር። ልብ በሉ፣ ያ ጥይት እንዲህ የከበደው ከኋላው ብዙ ጥሩ ጥይቶች ስለነበሩ ነው። ገና ከመነሻው አንድ ጥይት ብቻ ቢሆንማ ኖሮ ሳንቲም እንደመጣል ነበር።

ፓሪስ 2024 ላይ በ10 ሜትር ፍጻሜ የታየው አካሄድ መሃል መንገድ ይመስለኛል። ስምንት ሰው ይገባል፤ ከ12 ጥይት በኋላ በየሁለት ጥይቱ ዝቅተኛው ይሰናበታል፤ የቀሩት ሁለቱ እስከ 24 ይሄዳሉ። ከ2013 ወዲህ የማጣሪያው ነጥብ ወደ ፍጻሜ አለመሻገሩ ግን እስካሁን አልተዋጠልኝም።

ጥያቄ፦ ተወዳዳሪዎቹ እርስ በርስ ተማክረው አንዱን ለስንብት የሚጠቁሙበት ነገርስ?

መልስ፦ ያ ሌላ ጨዋታ ነው። ጎበዙ ጎበዝ በመሆኑ ብቻ ቀድሞ ይወጣል።

ጥያቄ፦ የራሳቸውን መሣሪያ ይያዙ ወይስ ለሁሉም አንድ ዓይነት ይሰጣቸው?

መልስ፦ ሁለቱም ያስኬዳል፤ የማያስኬደው መደባለቁ ነው። የማያውቁት መሣሪያ ከተሰጣቸው ሁሉም እኩል የልምምድ ደቂቃና እኩል ጥይት ይድረሳቸው፤ የሚተኩሱትም በዚያችው በአንዷ ጠመንጃ ይሁን። «ተመሳሳይ ሞዴል» በቂ አይደለም። ምላጩ በአንዱ ላላ፣ በሌላው ጠበቅ ይላል።

አንድ የተቀረጸ ውድድር ላይ ረዳት ዳኛ ነበርኩ። ሁለት ተመሳሳይ ጠመንጃ ለሁለት ተፎካካሪ ተሰጠ፣ ርቀቱ 50 ሜትር። አንደኛው ልጅ በተደጋጋሚ ሳተና «እጁ ተንቀጠቀጠ» ተባለ። ካሜራው ከጠፋ በኋላ ወረቀቱን አንስቼ ሳየው አምስቱም ቀዳዳ በአንድ ሳንቲም ይሸፈናሉ፤ ያረፉት ግን ሁለት ጣት ያህል ወደ ታችና ወደ ግራ ነው። እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ጥይቱን ይበትነዋል እንጂ አንድ ቦታ አይሰበስበውም። ማነጣጠሪያው ነበር የተዛነፈው፤ አንድ ሰው ሲያጓጉዘው ሳያጋጨው አልቀረም። ለአዘጋጁ ነገርኩት፤ ቀረጻው አልቋል አለኝ። ያ ልጅ ቴሌቪዥን ላይ ፈሪ ሆኖ ቀረ።

ጥያቄ፦ እርስዎ ቢያዘጋጁት ምን ይመስል ነበር?

መልስ፦ ተኳሹ የሚወስነው ነገር እንዲኖር አደርጋለሁ። አምስት የብረት ሰሌዳ በተለያየ ርቀት አቆማለሁ፤ ርቀታቸውን አልነግረውም። ቅርቡ ትንሽ ነጥብ፣ ሩቁ ብዙ ነጥብ ያስገኛል። 10 ጥይትና 90 ሰከንድ ይሰጠዋል፤ ከየት እንደሚጀምር፣ የትኛውን እንደሚተው ራሱ ይመርጣል። ከመተኮሱ በፊት ዕቅዱን ለካሜራ ይናገር። ተመልካቹ ሰውየው ሩቁን ሰሌዳ በስንት እንደገመተና ነፋሱን ከየት በኩል እንዳየው አስቀድሞ ካወቀ፣ ጥይቱ ሲስት ለምን እንደሳተ ይገባዋል። 1000 ሜትር ላይ ጥይት ከአንድ ሰከንድ በላይ በአየር ላይ ትቆያለች፤ በዚያች ጊዜ ነፋስ የሚሠራባትን ቀድሞ መገመት እጅ ከማጽናት ያልተናነሰ ችሎታ ነው። ቴሌቪዥን ግን የሚወደው የሚፈነዳ ሐብሐብ ነው። (ሐብሐብ ላይ ምንም ቂም የለኝም። ትልቅ ስለሆነ ግን ማንም ይመታዋል።)

በተረፈ ሰው ሁሉ በቆመበት አቋቋም ብቻ አይፈተን። ቆሞ፣ ተንበርክኮ፣ በደረቱ ተኝቶ ይሞከር፤ አንዱ ላይ የሚያበራ ሌላው ላይ ሲቸገር ታያላችሁ።

ጥያቄ፦ ቢያትሎን (በረዶ ላይ በስኪ እየተንሸራተቱ በመሃል የሚተኩሱበት ውድድር) ምንም ሳላውቅ ይገባኛል፤ የኦሊምፒክ ተኩስ ግን እንቅልፌን ያመጣዋል። ለምን?

መልስ፦ ቢያትሎን ላይ ጥቁሩ ክብ ሲመታ ነጭ ይሆናል። አለቀ። ርቀቱ 50 ሜትር ነው፤ ተኝተው ሲተኩሱ ዒላማው 45 ሚሊ ሜትር፣ ቆመው ሲተኩሱ 115። በአጭሩ ሩጫ አንድ በሳቱ ቁጥር 150 ሜትር የቅጣት ዙር አለ። ተመልካቹ የስህተቱን ዋጋ እዚያው በዓይኑ ያያል። በአየር ጠመንጃ ግን በ10.4ና በ10.7 መካከል ያለው ልዩነት ለባዕድ ዓይን ቁጥር ብቻ ነው።

መፍትሔ አለው፤ አፈሙዙ ዒላማው ላይ እንዴት እንደሚዋዥቅ በመስመር የሚያሳይ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ ተኳሾች ለልምምድ ይጠቀሙበታል። ያንን መስመር ስክሪኑ ላይ አውጡት። መስመሩ እየጠበበ ሄዶ ጸጥ ሲል፣ ምላጩ ሲሳብ፣ ወይም ተኳሹ አልጥም ብሎት ጠመንጃውን ሲያወርድ ሰው ትንፋሹን ይውጣል።

ጥያቄ፦ ውጥረት ለመጨመር ቢያስሮጧቸው፣ ቢጮሁባቸውስ?

መልስ፦ ሩጫው ጥሩ ነው፤ ሁሉም እኩል እስከሮጡ ድረስ። የሚመታ ልብ አፈሙዝ ያንቀሳቅሳል፤ ያንን መግዛት ራሱ የሙያው አካል ነው። በ2008 ኦሊምፒክ የሰሜን ኮሪያው ኪም ጆንግ ሱ ፕሮፕራኖሎል የተባለ መድኃኒት ተገኝቶበት አንድ የብርና አንድ የነሐስ ሜዳሊያ የተነጠቀው ለዚህ ነው፤ መድኃኒቱ የልብ ምት ያረግባል፣ መንቀጥቀጥ ይቀንሳል። ጭብጨባና ጩኸትም ይሁን። ድንገት ከኋላ ፈንጂ ማፈንዳት ግን ማን ደንጋጣ እንደሆነ እንጂ ማን ተኳሽ እንደሆነ አይነግረንም፤ የተጎረሰ ጠመንጃ የያዘ ሰው ማስደንገጥም ዕብደት ነው።

ከጩኸት ይልቅ ሰዓት ይበልጣል። ፓሪስ ላይ ደቡብ ኮሪያዊቷ ኪም ዬጂ በ10 ሜትር ሽጉጥ የብር ሜዳሊያ ካገኘች በኋላ፣ በ25 ሜትር ማጣሪያ አንዷን ጥይት በ3 ሰከንድ ውስጥ ባለመተኮሷ ዜሮ ተመዘገበባትና ፍጻሜ ሳትገባ ቀረች። ማንም አልጮኸባትም።

ጥያቄ፦ ያ እጁን ኪሱ ከቶ የተኮሰው ቱርካዊ ምን ዓይነት ሰው ነው?

መልስ፦ ዩሱፍ ዲኬች። ፓሪስ 2024 ላይ ከሸቫል ኢላይዳ ታርሃን ጋር በወንድና ሴት ድብልቅ የ10 ሜትር ሽጉጥ የብር ሜዳሊያ አግኝቷል። እጅ ኪስ መክተት ኩራት አይደለም፤ በአንድ እጅ ሲተኮስ ሌላው እጅ እንዳይወዛወዝ አንድ ቦታ ይታሰራል፤ ኪስ ወይም ቀበቶ።

ጥያቄ፦ ሴትና ወንድ አንድ ላይ ይወዳደሩ?

መልስ፦ አዎ። በሞንትሪያል 1976 ኦሊምፒክ አሜሪካዊቷ ማርጋሬት መርዶክ በሦስት አቋቋም ከወንዱ የአገሯ ልጅ ላኒ ባሻም ጋር እኩል ነጥብ አምጥታ በመለያ ሕግ የብር ሜዳሊያ ተሰጣት። በባርሴሎና 1992 ደግሞ ቻይናዊቷ ዣንግ ሻን ለሁለቱም ጾታ ክፍት በነበረው ስኪት (ወደ አየር የሚወነጨፉ የሸክላ ዒላማዎች የሚመቱበት ውድድር) ወርቁን ወሰደች። በ1996 ስኪት ለወንዶች ብቻ ሆነ፤ የሴቶች ስኪት የመጣው በ2000 ነው። አዘጋጆች ለዚህ አንድ ነገር ብቻ ቢያስተካክሉ ይበቃል፦ የሰደፉን ርዝመት። ክንደ አጭር ሰው በረጅም ሰደፍ ሲተኩስ አንገቱ ይንጠራራል፣ ዓይኑ ከማነጣጠሪያው ይሸሻል፤ የሚስተውም በዚህ ነው፣ ሴትም ሆነ ወንድ።