ሐዘን ባለበት ቤት የበልግ ችግኝ፦ ጥያቄና መልስ

የወሎ በልግ አጭር ነው። የካቲት ላይ መደቡ ካልተዘጋጀ ቲማቲሙ አፍርቶ ሳይለቀም የሐምሌ ዝናብ ይደርስበታል። በዚያው ሰሞን ሰው የሞተበት ቤት ደግሞ ጓሮው ትዝ የሚለው ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ ነው። ከታች ያሉት ጥያቄዎች ከእንዲህ ያሉ ቤቶችና ከጎረቤቶቻቸው የመጡ ናቸው። ልኮቹ ለጓሮ እንጂ ለሰፊ እርሻ አይደሉም።

ከሐይቅ፦ አባታችን ካረፉ ሁለት ሳምንት ሆነ። ጓሮውን የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ። የካቲት እየገፋ ነው። አሁኑኑ መዘራት ያለበት የቱ ነው? የሚቆየውስ?

ነፍስ ይማር፣ እግዜር ያጽናችሁ። የማይቆዩት ቲማቲምና ቃሪያ ናቸው። ቲማቲም የካቲት 15 ቢዘራ መጋቢት 25 ገደማ ይነቀላል፤ ከተተከለ ከ75 ቀን ገደማ በኋላ፣ ሰኔ መግቢያ ላይ መቅላት ይጀምራል። ሐምሌና ነሐሴ ቅጠሉ ሳይደርቅ ሲውል ሲያድር ቅጠሉንም ፍሬውንም የሚያጠቁር በሽታ ይገባበታል፤ አንዴ ከገባ በሳምንት ውስጥ መደቡን ይጨርሰዋል። ስለዚህ የካቲት ካለፈ ቲማቲም አትዝሩ። ቃሪያ መደብ ላይ ከ45 እስከ 55 ቀን ስለሚቆይ ከቲማቲም ጋር ወይም ቀደም ብሎ ይዘራል።

ጥቅል ጎመን፣ የሀበሻ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ግን ሦስት አራት ሳምንት ቢዘገዩ አይከፋቸውም። ካሮት ተነቅሎ መተከል አይወድም፤ ሥሩ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ቤተሰቡ ሲረጋጋ እዚያው በሚያድግበት ቦታ ይዘራ።

አርባው ሳይወጣ መዝራት ያስነውራል ወይ የሚል ስጋት ካለ የንስሐ አባታችሁን ወይም የሰፈሩን ሽማግሌ ጠይቁ። እኔ የምነግራችሁ የዘሩን ቀን ብቻ ነው።

ከኮምቦልቻ፦ ለስድስት ሰው ቤተሰብ ምን ያህል መደብ ይበቃል? አሠራሩንስ ከመጀመሪያው ቢነግሩን።

አንድ ሜትር በሦስት ሜትር ይበቃችኋል። ወርዱ ከአንድ ሜትር አይብለጥ፣ መሐል ለመድረስ መደቡን መርገጥ ይመጣል። አፈሩን 20 ሳንቲ ሜትር ቆፍሩ፣ ጓሉን ሰባብሩ፣ በካሬ ሜትር ሁለት ባልዲ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት ቀላቅሉ። ፍጉ የበሰበሰ ለመሆኑ ምልክቱ ሽታው ነው፤ እርጥብ አፈር ከሸተተ ደርሷል፣ የበረት ጠረን ካለው ችግኙን ያቃጥላል። ውሃ እንዳያቁር መደቡን ከመሬት 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጉት።

በወርዱ በየ15 ሳንቲ ሜትሩ መስመር ስታወጡ ሃያ ገደማ መስመር ይወጣል። ሦስቱን ለቲማቲም፣ አራቱን ለቃሪያ፣ ሦስቱን ለጥቅል ጎመን፣ ሁለቱን ለሀበሻ ጎመን፣ ስድስቱን ለቀይ ሽንኩርት ስጡ። ቲማቲም፣ ቃሪያና ጎመን በየሁለት ተኩል ሳንቲ ሜትሩ አንድ ፍሬ፣ ሽንኩርት በየአንድ ሳንቲ ሜትሩ። ጥልቀቱ አንድ ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ ሦስት ሳንቲ ሜትር የወረደ የጎመን ዘር ጉልበቱን መንገድ ላይ ይጨርሳል።

ዘሩን በአፈር ሸፍናችሁ ከላይ ደረቅ ሣር አልብሱት። እስኪበቅል በየቀኑ ጠዋት በካሬ ሜትር አምስት ሊትር ያህል፣ ጠብታው ደቃቅ በሆነ ማጠጫ። ማጠጫ ከሌለ የጀሪካን ክዳን በሚስማር ብሱና በሱ አጠጡ። የመጀመሪያዎቹ ብቅ ማለታቸውን ያያችሁ ዕለት፣ ፀሐይ ሲበርድ፣ ሣሩን አንሡ። ሁለት ቀን ካሳለፋችሁ ችግኙ ብርሃን ፍለጋ ቀጥኖ ይመዘዛል፣ በኋላም አይቃናም። ሣሩ ሲነሣ ከመደቡ አንድ ሜትር ከፍ ያለ ስስ ዳስ ሥሩለት።

ከወልድያ፦ ድንኳኑ የተተከለው ጓሮ ላይ ነበር። መሬቱ እንደ ወለል ጠጥሯል፤ ጥግ ጥጉ ላይ ተቀቅሎበታል፣ ዕቃም ታጥቦበታል። ይሆናል?

የተረገጠው ይድናል፣ ምግብ የተሠራበትና ዕቃ የታጠበበት ለዘንድሮ አይሆንም። መጀመሪያ አርሳችሁ አንድ ቀን አሳድሩት፤ ደረቁን ብትቆፍሩ ጓል እንጂ አፈር አይወጣም። ከዚያ 30 ሳንቲ ሜትር ድረስ ፈንቅሉ፤ የእግር ጫና ጥቅጥቅ የሚያደርገው የላዩን ነው፣ ከሥሩ ያለው ላላ እንዳለ ታገኙታላችሁ። በካሬ ሜትር ሦስት ባልዲ ኮምፖስት ጨምሩ።

ጉልቻ የነበረበት ላይ የተከማቸውን አመድ አፍሳችሁ አውጡ። ትንሽ አመድ ለአፈር ደግ ነው፤ ክምሩ ግን አፈሩን ጨው እንደበዛበት ያደርገዋል፣ የበቀለውም ቅጠሉ ይገረጣል። የዕቃ እጣቢ የተደፋበት ቦታ ጨው፣ ዘይትና ሳሙና ጠጥቷል፤ ክረምቱ ይጠበው፣ ለመስከረም ይደርሳል። የድንኳኑን ካስማ ጉድጓዶች ግን አትድፈኗቸው። ለቲማቲም መደገፊያ እንጨት ተቆፍሮ የተዘጋጀ ቦታ ናቸው።

ከደሴ፦ እናቴ ዘሩን ሁሉ በጨርቅ እየቋጠሩ ቅል ውስጥ ያስቀምጡ ነበር። መቼ እንደቋጠሩት አላውቅም፣ መጣል ግን አልቻልኩም። ይበቅል ይሆን?

ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልሽ። አትጣይው፣ ሳትፈትኚም አትዝሪው። ከየቋጠሮው ሃያ ፍሬ ቁጠሪና በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለሽ ፌስታል ውስጥ፣ ማድቤት ሞቅ ያለ ጥግ ላይ አኑሪ፤ ምድጃ አጠገብ ግን አይሁን። ጨርቁ እንዳይደርቅ በየቀኑ እይው። ጎመን በሦስት እስከ አምስት ቀን፣ ቲማቲምና ሽንኩርት በሰባት እስከ አሥር፣ ቃሪያ በአሥር እስከ አሥራ አራት ቀን ያጎነቁላል። የደሴ ብርድ አንድ ሁለት ቀን ሊያዘገየው ይችላል።

አሥራ አምስትና ከዚያ በላይ ካጎነቆለ እንደ ወትሮው ዝሪ። ከስምንት እስከ አሥራ አራት ከሆነ እጥፍ አድርገሽ። ከስምንት በታች ለሆነው የገበያ ዘር ቢሆን ጣይው እልሽ ነበር። የእናትሽን ግን ግማሹን ለብቻው በአንድ ዕቃ አጠጋግተሽ ዝሪ፤ የወጡትን ጥቂቶች አትብያቸው፣ ለዘር አሳድጊያቸው። ሌላውን ግማሽ ቅሉ ውስጥ ተዪው፤ በአንድ ውርጭ ሁሉም እንዳይጠፋ።

በሽንኩርቱ ብዙ ተስፋ አታድርጊ፤ ዘሩ ከዓመት በላይ እምብዛም አይቆይም። ጎመንና ቲማቲም በደረቅ ቦታ እስከ አራት ዓመት፣ ቃሪያ ሁለት ሦስት ዓመት ይቆያሉ። ቲማቲም በአብዛኛው ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል ከፍሬው የምትይዥው ዘር እናትሽ የተከሉት ራሱ ነው። ጎመን ግን ንብ ከጎረቤት ጓሮ ታዳቅለዋለች፤ ለዘር የምትተዪውን በስስ ሻሽ ከልለሽ፣ አንድ ብቻ ሳይሆን አምስት ስድስቱን አብረሽ አስብቢ፣ አበባውንም በእጅሽ እርስ በርሱ አነካኪው።

የደሴ ደጋ ለቲማቲም ይበርዳል። ለጎመን፣ ለቀይ ሥርና ለሰላጣ ግን ይስማማል።

ከተሁለደሬ፦ ባለቤቴ ሞቶብኝ ኢዳ ላይ ነኝ፣ ከግቢ አልወጣም። ማሳችን ወንዝ ዳር ነው። እቤት ሆኜ ችግኝ ማፍላት እችላለሁ?

አላህ ይዘንላቸው፣ አብሽሪ እህቴ። ኢዳው አራት ወር ከአሥር ቀን ነው፤ ችግኝ ደግሞ በዕቃ ከአርባ እስከ ሃምሳ አምስት ቀን ስለሚፈልግ ሥራው በሙሉ ግቢሽ ውስጥ ያልቃል። ወንዝ ዳር ወስዶ መትከሉን ወንድም ወይም ጎረቤት ይያዘው።

የሃያ ሊትር ጀሪካን በቁመቱ ለሁለት ስትቀጂው ሁለት ገንዳ ይወጣዋል። ሥሩን በጋለ ሚስማር አሥር ቦታ ብሺው። አፈሩ ሦስት እጅ ለም አፈር፣ ሁለት እጅ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ ይሁን፤ ከመሙላትሽ በፊት በስሱ ዘርግተሽ የፈላ ውሃ አፍስሺበትና ይቀዝቅዝ። ገንዳውን ድንጋይ ላይ አስቀምጪው፣ መሬት ከነካ ቀዳዳው ይደፈናል። የጠዋት ፀሐይ አግኝቶ ከቀትር በኋላ ጥላ የሚያርፍበት ቦታ ይመረጣል። የዕቃ አፈር ከመደብ ቶሎ ይደርቃል፤ ጣትሽን እስከ መጀመሪያው አንጓ አስገቢ፣ እርጥበት ካልተሰማሽ አጠጪ። ጠዋትና ከአሥር ሰዓት በፊት ማየት ይበቃል።

ከኩታበር፦ የጎመኑ ችግኝ ባንድ ሌሊት ረድፍ ረድፉን ተኝቶ አደረ። ምን በላው?

ግንዱን ተመልከቱ። አፈሩ ጋ ቀጥኖና ጠቁሮ ከወደቀ ሻጋታ ነው፤ ዘሩ ተጠጋግቶ፣ ማታ ማታ ውሃ ጠጥቶ፣ ዳሱ ነፋስ ከልክሎት የመጣ። የወደቁትን ከነአፈራቸው አውጡ፣ ቦታው ላይ ደረቅ አሸዋ ነስንሱ፣ አንድ ቀን ውሃ ከልክሉ፣ የቀሩትን አሳሱ። ከዚያ በኋላ ውሃ ጠዋት ብቻ።

ግንዱ በምላጭ የተቆረጠ ከመሰለ ግን ቆራጭ ትል ነው። ጠዋት በተቆረጠው ዙሪያ አምስት ሳንቲ ሜትር ብትጭሩ ተጠቅልሎ ታገኙታላችሁ፤ ልቀሙት። ሲተከል በየግንዱ የወረቀት ቀለበት ብታደርጉ፣ ሁለት ጣት ወደ አፈር ገብቶ ሁለት ጣት ወደ ላይ፣ አይደርስበትም።

ከመርሳ፦ ተዝካሩን ስናወጣ ችግኙን ረሳነው። መነቀል ካለበት ሁለት ሳምንት አልፎታል። ይተከል ወይስ ይጣል?

እንደ ዓይነቱ ነው። የተመዘዘ ቲማቲም ይድናል፤ የታች ቅጠሎቹን ቀንጥሳችሁ ግንዱን እስከ ላይኞቹ ቅጠሎች ቅበሩት፣ ከተቀበረው ግንድ ሥር ያወጣል። ሥሩ ብዙ ጥልቀት የማይገባ ከሆነ በቦይ አጋድማችሁ ቅበሩት። ሽንኩርት እርሳስ ያህል እስኪወፍር ደህና ነው። ቃሪያ አበባ ጀምሮ ከሆነ አበባውን ቀንጥሱና ትከሉ፤ እንደ ቲማቲም ግን አትቅበሩት፣ መደቡ ላይ በነበረው ልክ ይሁን። ጥቅል ጎመን ግን ግንዱ ከጠነከረ ጥቅሉ እንደ ቡጢ ትንሽ ሆኖ ይቀራል፤ እሱን ለቅጠሉ ብሉና ሌላ ዝሩ።

ቀኑ እንደሚያልፍ አስቀድማችሁ ካወቃችሁ ማቆየት ይቻላል። ውሃውን በሁለት ቀን አንዴ አድርጉት፣ ፍግ አትጨምሩ፣ በመስመሮቹ መሐል በቢላ እስከ ስምንት ሳንቲ ሜትር ሰንጥቁ። ሥሩ ሲቆረጥ ላዩ ይዘገያል። አንድ ሳምንት፣ ቢበዛ አሥር ቀን ያተርፍላችኋል።

ስትተክሉ ከዋዜማው መደቡን አጠጡ፣ ከአሥር ሰዓት በኋላ ወይም ደመና ባለበት ቀን ትከሉ። ቲማቲም 70 በ30 ሳንቲ ሜትር፣ ጥቅል ጎመን 60 በ40። መርሳ ሞቃት ስለሆነ የመጀመሪያዎቹን አራት ቀናት ቅጠላማ ቅርንጫፍ በየጎኑ ሰክታችሁ ጥላ አድርጉለት።

ከሐርቡ፦ ዛሬ ጎመን ብዘራ ለአርባው ይደርሳል?

ለአርባው ሲያሳሱ ከሚወጣው ለጋ ቅጠል በቀር አይደርስም። ለሰማንያው ግን ሊደርስ ይችላል፤ የሀበሻ ጎመን ከተተከለ ከአርባ እስከ ሃምሳ ቀን ባለው ጊዜ ይቀነጠሳል።

ከደሴ፦ የቅሬያችን (የዕድራችን) ሰዎች ነን። ሐዘንተኛዋ ብቻዋን ቀርታለች። ምን ብናግዛት ይጠቅማል?

ዘር አትውሰዱላት፤ ዘር ማለት አርባ ቀን በየጠዋቱ መነሣት ነው። ከየቤታችሁ መደብ የተረፈውን፣ አራት አምስት ቅጠል ያወጣ ችግኝ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልላችሁ ውሰዱ። ሁለት ሰው ከጠዋት እስከ ቡና ድረስ ቆፍሮ ያዘጋጅላት። ምን እንደምትፈልግ ጠይቋት እንጂ አትምረጡላት።

ውሃውን ተራ ስትገቡ በየቀኑ ሰው አይቀያየር። አንድ ሰው ሳምንቱን ሙሉ ይያዘው። ትናንት ምን ያህል እንደተጠጣ የማያውቅ ሰው በላዩ ይደግምበታል፣ ችግኝ ደግሞ ከጥማት ይልቅ በውሃ ብዛት ይሞታል። ሳምንቱ ሲያልቅ ተረኛው ለሚቀጥለው እዚያው መደቡ ላይ ቆሞ ያስረክብ፣ እሷም ባለችበት። ራሷ ላጠጣ ያለች ቀን ማጠጫውን ስጧትና ቡናውን እናንተ አፍሉ።