«ራን» ሁሌ ሩጫ አይደለም

ሰሞኑን ስለ እንግሊዝኛው «ራን» የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ። የተወሰኑትን እነሆ።

አሜሪካ ውስጥ አረጋውያንን እንከባከባለሁ። አንድ አባት ጠዋት «አይ ሃቭ ዘ ራንስ» አሉኝ። መራመድ የፈለጉ መስሎኝ ጫማቸውን አቀረብኩላቸው። ምን ማለታቸው ነው?

እህቴ፣ አስቀምጦኛል ነው ያሉሽ። «ዘ ራንስ» ተቅማጥ ነው። ለሥራሽ በጣም አስፈላጊ ቃል ስለሆነ በደንብ ያዢው፤ በዕድሜ የገፋ ሰው ሲያስቀምጠው ውኃ ቶሎ ከሰውነቱ ይሟጠጣል፣ ስለዚህ ፈሳሽ ስጫቸው፣ ለነርሷም ወዲያው ንገሪ። «ራኒ ኖዝ» ካሉሽ ንፍጣቸው እየወረደ ነው። «ራኒንግ ኤ ፊቨር» ከሆነ ትኩሳት አላቸው። ሐኪም ደግሞ ስኳር ወይም ደም ግፊት «ራንስ ኢን ዘ ፋሚሊ?» ብሎ ከጠየቀ በዘር አለ ወይ ማለቱ ነው። ልብስ ላይ «ከለርስ ሜይ ራን» የሚል ካየሽም ቀለሙ ስለሚለቅ ለብቻው እጠቢው።

«ራን ኢንቱ» እና «ራን ኦቨር» ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ሰፊ ነው! ጓደኛህን መንገድ ላይ ድንገት ካገኘኸው «ራን ኢንቱ» ነው። «ራን ኦቨር» ካልክ ግን በመኪና ሄደህበታል። «ራን አውት ኦፍ» ደግሞ አለቀብኝ ነው፤ ስኳርም ይሁን ነዳጅ።

ለመሆኑ ስንት ትርጉም አለው?

የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ፒተር ጊሊቨር ይህን አንድ ግስ አበጥሮ ለመጨረስ 9 ወር ገደማ ፈጅቶበታል፣ ያገኘውም 645 ትርጉም ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣው እትም ረጅሙን ቦታ የያዘው «ሰት» የሚለው ግስ ነበር። «ራን» እንዲህ የበዛው በአብዛኛው ማሽን ስለመጣ ይመስለኛል፤ ሞተር ሲነሳ «ራን» ተባለ፣ ባቡር በየሰዓቱ ሲመላለስ «ራን»፣ ኮምፒውተር መጥቶ ፕሮግራም ሲሠራም ያው «ራን»። ደግሞ እኛም እኮ «መታ» አለን። ክራር እንመታለን፣ ፍጹም ቅጣት ምት እንመታለን፣ ምች ይመታናል፣ አገርን ድርቅ ይመታል። ማንም ቁጭ ብሎ አላስጠናንም፣ ከጎኑ ካለው ቃል ጋር ስለሰማነው ነው የገባን። «ራን»ንም ብቻውን አትሸምድዱት፤ ከሚከተለው ቃል ጋር አንድ ላይ ያዙት።

አሜሪካ ምርጫ ላይ ዕጩዎች ለምን ይሮጣሉ?

አሜሪካኖች ምርጫን እንደ እሽቅድምድም ስለሚያዩት ነው። ምክትል ሆኖ የሚቀርበውን «ራኒንግ ሜት» የሚሉትም ከፈረስ ግልቢያ የመጣ ነው፤ ለዋናው ፈረስ ፍጥነት እንዲያወጣ አብሮት የሚሮጠው ፈረስ ነበር እንዲህ የሚባለው። እንግሊዝ አገር ግን ለፓርላማ የሚወዳደር ሰው አብዛኛውን ጊዜ «ስታንድ» ነው የሚያደርገው፣ ይቆማል። ዜና ስትሰሙ ቀጥላ የምትመጣዋን ትንሽ ቃል አድምጡ፦ «ራኒንግ ፎር» ከሆነ እየተወዳደረ ነው፣ «ራኒንግ ፍሮም» ከሆነ እየሸሸ ነው።