ለጥምቀት ጎንደር መኪና ስትከራዩ፦ «በቀን 8,000» የተባለው መጨረሻው ስንት ነው?

«ለጥምቀት ከአባቴና ከእናቴ ጋር ስድስት ሆነን በአውሮፕላን ጎንደር እንገባለን። ጥር 9 ደርሰን ጥር 13 ከሰዓት እንመለሳለን። ደባርቅና ጎርጎራም ማየት እንፈልጋለን። ሚኒባስ ከነሹፌሩ በቀን 8,000 ብር፣ በቀን 100 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ በላይ በኪሎ ሜትር 40 ብር ተባልን። ሌላ የሚጨመር አለ?» ብለው ለጠየቁት እህታችን።

አዎ፣ አለ። ግን መጀመሪያ የሚያዩት የሚጨመረውን ሳይሆን የማይፈልጓቸውን ቀናት ነው። ጥር 10 ከተራ፣ ጥር 11 ጥምቀት ነው። በእነዚህ ሁለት ቀናት ከፒያሳ ወደ ፋሲል መዋኛ የሚወስዱት መንገዶች በታቦትና በሕዝብ ስለሚሞሉ መኪና አያልፍባቸውም። የተከራያችሁት ሚኒባስ ሆቴል በር ላይ ቆሞ 16,000 ብር ይቆጥራል፤ እናንተ በእግር ትሄዳላችሁ። እናትና አባትዎ እርምጃ የሚከብዳቸው ከሆነ መንገዱ ክፍት እስከሆነበት ድረስ ባጃጅ ያደርሳቸዋል። እኔ ብሆን ጥር 9 ከአውሮፕላን ማረፊያ የሚያደርስ መኪና ለአንድ ጉዞ ብቻ ኮንትራት ይዤ፣ ሚኒባሱን ለጥር 12 እና 13 ብቻ እከራያለሁ። አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ አዘዞ ስለሆነ ከከተማው 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለዚያ የሙሉ ቀን ኪራይ መክፈል አያስፈልግም።

አሁን ኪሎ ሜትሩን እናስላው። ጥር 9 ወደ 20፣ ጥር 10 እና 11 ብትንቀሳቀሱ እንኳ 15፣ 15። ጥር 12 የምትሄዱበት ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ደርሶ መልሱ 200፣ ሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ ለሚነዳው 60 ብንጨምር 260። ጥር 13 ጎርጎራ ሄዳችሁ በዚያው ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ብትመለሱ 120 ገደማ። የጎርጎራ መንገድ የሚገነጠለው አዘዞ ላይ በመሆኑ ወደ ከተማ ተመልሶ መውጣት አይጠበቅባችሁም። ድምሩ 430 ኪሎ ሜትር ነው።

«በቀን 100» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም አለው፤ ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሳውም እዚህ ላይ ነው። የአምስቱ ቀን ተደምሮ 500 ከሆነ ትርፍ የለባችሁም። በየቀኑ ለየብቻ የሚቆጠር ከሆነ ግን መኪናው የቆመባቸው ቀናት ያልተነዳ ኪሎ ሜትር ይቃጠላል፤ ጥር 12 በ160፣ ጥር 13 በ20 ትበልጣላችሁ፤ 180 በ40 ሲባዛ 7,200 ብር ነው። አንድ ቀን ኪራይ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ስለዚህ አምስቱን ቀን ብትይዙ ዝቅ ሲል 40,000፣ ከፍ ሲል 47,200 ትከፍላላችሁ። ሁለቱን ቀን ብቻ ብትይዙ ትርፉን ኪሎ ሜትር ከፍላችሁም 16,000 እና 7,200፣ ማለትም 23,200 ነው፤ የጥር 9ኙን ኮንትራት ይጨምሩበት። የሁለት ቀን ኪራይ ሲጠይቁ ደግሞ «ደባርቅና ጎርጎራ፣ ትርፍ ኪሎ ሜትር የሌለው፣ ቁርጥ ዋጋ» ብለው ይደራደሩ። ብዙ አከራዮች መድረሻው ከታወቀ በቁርጥ ይስማማሉ።

ቀጥሎ ግብር። 8,000 ብሩ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስን ያካትታል ወይ ብለው ይጠይቁ። ካላካተተ 23,200ው ላይ 3,480 ብር ይጨመራል። ደረሰኝ የሚሰጥ ድርጅት እና ደረሰኝ የማይሰጥ ግለሰብ የሚጠሩት ዋጋ የሚለያየው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው፤ ሁለቱን ሲያወዳድሩ ይህን አይርሱ።

ነዳጅ በማን እንደሆነ አልጻፉም። «ከነሹፌሩ» ማለት «ከነነዳጁ» ማለት አይደለም። በናፍጣ የሚሠራ ሚኒባስ ለ100 ኪሎ ሜትር ከ11 እስከ 12 ሊትር ይጠጣል ብለው ይያዙ፤ ፓርኩ ውስጥ ዳገትና ጠጠር መንገድ ስለሆነ ከዚያም ይበልጣል። ለ380 ኪሎ ሜትር 45 ሊትር ያህል ያስቡ። ስትረከቡ ጋኑ ሙሉ ከሆነ ሙሉ አድርጋችሁ ታስረክባላችሁ፤ ግማሽ ከሆነ ግማሽ። በሁለቱም ጊዜ የነዳጅ መለኪያውንና የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን በአንድ ፎቶ አንሱ። ማደያ ላይ ክፍያው በስልክ ነውና ቴሌብር ወይም ሲቢኢ ብር ላይ ገንዘብ ይኑራችሁ።

ከዋጋው በላይ የሚያስቸግረው ሰልፉ ነው። ማደያ ናፍጣ ከሌለው ወይም ሰልፉ ረጅም ከሆነ ሹፌሩ ከመንገድ ዳር በጀሪካንና በሃይላንድ የሚሸጠውን ሊቀዳ ይችላል። ዋጋው ከማደያው ይበልጣል፤ ውሃ ወይም ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ሲያጋጥም ደግሞ መኪናው ዳገት ላይ ይቆማል። ስለዚህ ጋኑ ጥር 11 ማታ ሞልቶ እንዲያድር፣ የሰልፉም ሰዓት በኪራዩ እንዳይቆጠር አስቀድመው ይስማሙ።

የሹፌር አበል፦ ሹፌሩ የጎንደር ሰው ሆኖ ማታ ቤቱ ከገባ የአዳር አበል የለም። ደባርቅ ካደራችሁ የእሱ አልጋና ምግብ በማን እንደሆነ ይጠይቁ።

መቀመጫ በደንብ ይቁጠሩ። ፓርኩ ውስጥ መሣሪያ የያዘ ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) አብሯችሁ መሄዱ ግዴታ ነው፤ አስጎብኚም ከያዛችሁ ስድስታችሁ፣ ሹፌሩ፣ ስካውቱና አስጎብኚው ዘጠኝ ትሆናላችሁ። ለዚህ ነው ላንድክሩዘር ቢያምራችሁም ሚኒባስ ይሻላል የምለው። የፓርክ መግቢያ፣ የመኪና መግቢያና የስካውት ክፍያ ደባርቅ በሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ይከፈላል፤ የኪራዩ አካል አይደለም።

መድን ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ፓራብሬዛው ላይ የሚለጠፈው የሶስተኛ ወገን መድን በአዋጅ 799/2005 ግዴታ የሆነው ነው፤ የሚሸፍነው መኪናው በሌላ ሰውና ንብረት ላይ ያደረሰውን ጉዳት እንጂ የራሱን የመኪናውን ጥገና አይደለም። የመኪናውን ጉዳት የሚሸፍነው ሙሉ መድን ነው፤ እሱም ቢሆን ባለመኪናው ራሱ የሚችለው የመጀመሪያ ድርሻ አለው። ሹፌሩ የአከራዩ ሰው ከሆነ ያ ድርሻ በእናንተ ላይ እንደማይወድቅ ውሉ ላይ ይጻፍ። ጎማ ቢፈነዳ፣ ስፖኪዮ ቢሰበር የሚለውም አብሮ ይጻፍ። ግጭት ከደረሰ የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት ሳይያዝ መኪናው ከቦታው አይነሳ፤ ያለዚያ መድን ድርጅቱ ለመክፈል ያስቸግራል።

ቀብድ ከመላክዎ በፊት የሊብሬውን ፎቶ ይጠይቁ። ሊብሬው ላይ ያለው ስምና ውል የሚፈርመው ሰው ከተለያዩ ውክልና መኖር አለበት። ሰሌዳው ኮድ 3 መሆኑን ይዩ፤ ኮድ 2 የግል ነው፣ ለኪራይ ሥራ መድን የገባ ላይሆን ይችላል። ደላላ መሃል ካለ ኮሚሽኑ ዋጋው ውስጥ መግባቱን ይጠይቁ። ሙሉ ክፍያ አስቀድሞ መላክ አያስፈልግም፤ አንድ አራተኛው ይበቃል፣ ቀሪው መኪናው ሲመጣ።

መኪናው ሲመጣ አሥር ደቂቃ ይውሰዱ። ቦሎው የዘንድሮ መሆኑን፣ የአራቱን ጎማዎች ጥርስ፣ ስፔር ጎማውን፣ ክሪኩን ይዩ። ስፔር ኖሮ ክሪክ ከሌለ ከደባርቅ በላይ ጎሚስታ ፍለጋ ግማሽ ቀን ይሄዳል። የፓርኩ መንገድ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ሲመለስ ቁልቁለቱ ረጅም ነውና ሹፌሩ በማርሽ እንጂ በፍሬን ብቻ እንዳይወርድ ይንገሩት። የፓራፋንጎውንና የኮፈኑን ጭረት በቪዲዮ ይቅረጹ።

ስለ ቀንና ሰዓት አንድ ነገር። ቲኬቱ 09:20 ሲል ከጠዋቱ 3:20 ነው፤ ሹፌሩ 9:20ን ከሰዓት ብሎ ቢረዳው አይፈረድበትም። ጥምቀትም በፈረንጅ ጃንዋሪ 19 ነው፤ በዘመነ ዮሐንስ ግን 20። ስለዚህ ሁለቱንም አቆጣጠር ጽፈው የበረራ ቁጥሩን ይስጡት። በረራው ቢዘገይ የመጠበቂያ ክፍያ እንዳለውም ይጠይቁ። ጥር 12 የሚካኤል ታቦት የሚመለስበት ስለሆነ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ከከተማ ይውጡ፤ ከመምሸቱም በፊት ይመለሱ። ጥር 13 ደግሞ ከጎርጎራ የሚነሱበትን ሰዓት ከበረራው ወደ ኋላ ቆጥረው ይወስኑ፤ ኬላ ላይ ፍተሻ ሊያቆያችሁ ይችላል። መንገድ ቢዘጋ ቀብዱ ይመለሳል ወይስ ቀኑ ይዛወራል የሚለውን ሳይነጋገሩ አይክፈሉ፤ ዘንድሮ ከሁሉ በፊት የምጠይቀው እሱን ነው።

ለአከራዩ እንዲህ ብለው ይላኩለት፦ «ጥር 12 ጎንደር–ደባርቅ–ፓርክ–ጎንደር፣ ጥር 13 ጎንደር–ጎርጎራ–አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ። ስድስት ሰው፣ ስካውትና አስጎብኚ። ኪራይ፣ ሹፌር፣ ናፍጣ፣ ታክስ ተጨምሮ ቁርጥ ዋጋው ስንት ነው? ትርፍ ኪሎ ሜትር አለው? መንገድ ቢዘጋ ቀብዱ እንዴት ይሆናል? የሊብሬና የመድን ፎቶ ይላኩልኝ።» የሰጠዎትን መልስ እዚህ ይለጥፉት፤ የቀረ ነገር ካለ አብረን እናየዋለን።