የኖራ ድንጋይ ላይ ብስክሌት፦ ጥያቄና መልስ

ቋጥኝ፦ የኖራ ድንጋይ ተራራ ላይ ብስክሌት መንዳት ከጀመርኩ 16 ዓመት አለፈኝ። አንድ ጊዜ ክንዴ ተሰብሯል። የቀደድኩትን ጎማ መቁጠር ትቻለሁ። ዛሬ ከሰዓት ሥራ የለኝም፣ ጠይቁ። ስለ ጎማ ንፋስ የምትጠይቁ ክብደታችሁንና የጎማችሁን ስፋት ጻፉ። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ፦ ድንጋዩ ከረጠበ ውረዱና ግፉ።

ሰባራ ራጂ፦ ጋሼ፣ ጎማዬን ስንት ልንፋው?

ቋጥኝ፦ ክብደት? ስፋት? ከላይ ያለውን አንብብ።

የማለዳ ወፍ፦ 64 ኪሎ ነኝ። ጎማዬ 29 በ2.4 ኢንች፣ ቱብለስ፣ ማለትም ውስጡ በከመነዳሪ ፈንታ ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽ ያለበት። የለመድኩት ለስላሳ የጫካ መንገድ ነበር። ድንጋይ ላይ መንዳት ከጀመርኩ ወዲህ የኋላው ጎማ ጎኑ ላይ ሁለቴ ተሰነጠቀብኝ። ንፋሱ አንሶ ይሆን?

ቋጥኝ፦ እንዲህ ነው መጠየቅ! ከፊት 21፣ ከኋላ 24 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያው ነው) አድርገሽ ጀምሪ። ስትመለሺ ቸርኬውን ዙሪያውን በጣትሽ ዳስሺው። ጠርዙ ላይ ጎድጎድ ያለ ቦታ ካገኘሽ ድንጋይ መትቶታል ማለት ነው። 2 ጨምሪ።

የጎኑ መሰንጠቅ ግን የንፋስ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የዝናብ ውሃ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ሲወርድ ትንሽ አሲድነት አለው። የኖራ ድንጋይ ደግሞ ለአሲድ አይሆንም፣ ይሟሟል። ውሃው በየስንጥቁ እየገባ፣ በገጹ ላይ እየፈሰሰ ስንት ዘመን ሲበላው ኖሮ የሚተርፈው ምን መሰለሽ? ጎን ለጎን የተደረደረ ቢላዋ። የጎማው ጥርስ ያለበት ወፍራም ስለሆነ ይችለዋል። ስሱ ጎኑ ነው፣ የሚቀደደውም እሱ ነው። ስለዚህ ለኋላ ጎኑ ድርብ የሆነ ጎማ ግዢ። ይከብዳል። ዳገት ላይ ትረግሚኛለሽ። ለፊት ቀለል ያለው ይበቃሻል፤ የፊቱን አንስተሽ ታሳልፊዋለሽ፣ የኋላው ግን ክብደትሽን ተሸክሞ ነው የሚጋጨው።

ውስጥ ያለው ፈሳሽ የእሾህ ቀዳዳ ይደፍናል እንጂ የጣት ያህል የረዘመ ስንጥቅ አይደፍንም። ከአሮጌ ጎማ ጎን ትንሽ ቁራጭ ቆርጠሽ ያዢ። ከውስጥ ስንጥቁ ላይ ታስደግፊውና ከመነዳሪ ታስገቢበታለሽ። ቤት ያደርስሻል። ፈሳሹም ይደርቃል፣ በየ2 ወይም 3 ወሩ እዪው።

ጉድ ፈላ፦ ቱብለስ ወይስ ከመነዳሪ?

ቋጥኝ፦ ቱብለስ።

አሮጌው ፓምፕ፦ አልስማማም። ዕድሜዬን ሙሉ በከመነዳሪ ነው የነዳሁት። ሲበሳ ለጥፌ እቀጥላለሁ። ያ ፈሳሻችሁ ልብስ ላይ ከተረጨ አይለቅም።

ጉድ ፈላ፦ ስንት ነው የሚነፉት?

አሮጌው ፓምፕ፦ 35።

ጉድ ፈላ፦ እና ጥርስዎ እስካሁን አልረገፈም?

አሮጌው ፓምፕ፦ ሁለቱ ረግፈዋል፣ ግን በብስክሌት አይደለም።

ቋጥኝ፦ በቃ። ከመነዳሪ ለስለስ ተደርጎ ከተነፋ በድንጋዩና በቸርኬው መሀል ተቆንጥጦ ሁለት ቀዳዳ ያወጣል፣ እባብ የነደፈው ይመስላል። ያንን ለመሸሽ ጠንከር አድርገህ ስትነፋው ደግሞ ጎማው ድንጋዩን አይዝም፣ ይነጥራል። ጋሽ ፓምፕ ለምደውታል፣ ይንዱ። ጀማሪ ግን ከእሳቸው አይማር።

ቀስ በቀስ፦ እርጥቡን ለምን እንዲህ ፈሩት? እኔ ግራናይት ላይ በዝናብ ነድቻለሁ፣ ምንም አልሆንኩም።

ቋጥኝ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ግራናይት የተለያየ ጥንካሬ ያላቸው ማዕድናት ድብልቅ ነው። ሲያልቅ እኩል አያልቅም፣ ሸካራነቱ ይቆያል። የኖራ ድንጋይ በአብዛኛው አንድ ማዕድን ነው፣ ካልሳይት። በሞስ የጥንካሬ መለኪያ ካልሳይት 3 ነው፣ ኳርትዝ 7። ሰው በጫማው፣ ብስክሌት በጎማው የኳርትዝ አሸዋ ይዞ ሲመላለስበት እኩል እየተፋቀ ይለሰልሳል። የመንገድ መሐንዲሶችም ስለሚለሰልስ ለአስፋልት የላይኛው ንጣፍ የኖራ ድንጋይ ጠጠር ሲሸሹ የሚታየው ለዚህ ነው።

የሚገርመው ሰው ያልረገጠው የኖራ ድንጋይ ደረቅ ሲሆን ከሱ የተሻለ የሚይዝ የለም። ዝናብ ያሻከረው ገጹ ጎማህን ነክሶ ይይዘዋል። ችግሩ አንድ መንገድ ላይ ሁለቱም አሉ። ስለዚህ ቀለሙን እይ። ደብዘዝ ያለ ግራጫ ከሆነ ሂድበት። ነጣ ብሎ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ሺህ ጫማ ያለፈበት ነው። ደረቅ እንኳ ቢሆን እሱ ላይ ፍሬን አትያዝ፣ አትጠምዝዝ። ፍሬንህን ከሱ በፊት ጨርስ።

ክንዴ የተሰበረው እንዲህ ያለ ቦታ ነው። ማለዳ ነበር። ዝናብ አልነበረም። የጠረጴዛ ያህል ደረጃ፣ ዛፍ ጥላ ስር። ጤዛው ገና አልደረቀም። አሥር ጊዜ የወረድኩበት ነው። የፊት ፍሬኑን በአንድ ጣት ነካ አደረግኩ፣ በቃ። ማሰሻ እንደነካው ምጣድ ነበር። ማንሸራተቱን አላየሁም፣ መሬቱን ነው ያየሁት።

ቀስ በቀስ፦ እኔ ግን ጥፋቱ የጭቃው ነው እላለሁ። ድንጋዩ ንፁህ ከሆነ እርጥብም ቢሆን ጎማ ይይዛል።

ጉድ ፈላ፦ የድንጋዩ ነው።

ቀስ በቀስ፦ የጭቃው ነው። ቀዩን ጭቃ አይተኸው አታውቅም።

ቋጥኝ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ አትጣሉ። ቀዩ ጭቃም ከኖራ ድንጋዩ ጋር ነው የሚገኘው። ድንጋዩ ሲሟሟ የማይሟሟው ሸክላና ብረት ይቀራል፣ ቅላቱም ከብረቱ ነው። ያ ጭቃ የጎማህን ጥርስ ይሞላል። ከዚያ ያንን ጎማ ይዘህ የለሰለሰው ድንጋይ ላይ ትወጣለህ። ቅቤ ላይ ቅቤ። ስለዚህ፦ ውረድና ግፋ።

ኤሌክትሪኩ፦ ባለ ባትሪ ብስክሌት ለዚህ ይሆናል?

ቋጥኝ፦ ይሆናል። ከባድ ነው፣ የኋላ ጎማ ይበላል። ከዚህ በላይ አላውቅበትም።

አሮጌው ፓምፕ፦ ባለ ባትሪ ብስክሌት ሳይሆን ሞተር ነው።

ኤሌክትሪኩ፦ ጉልበቴ ታሞ ነው አባቴ።

አሮጌው ፓምፕ፦ ይቅርታ ልጄ። ንዳ።

ሰባራ ራጂ፦ ታዲያ ንፋሱን ስንት አልን?

ቋጥኝ፦ ስንት ኪሎ ነህ ብዬ ሁለተኛ ጠየቅኩህ።

የጥላ ልጅ፦ ጠፍጣፋ ድንጋዩ ላይ ያሉትን ረጃጅም ስንጥቆች እንዴት ነው የምናልፋቸው? የፊት ጎማዬ ገብቶ ቀረ፣ እኔ ግን ቀጠልኩ።

ቋጥኝ፦ ቀጥ ብለህ ቁረጣቸው። ከስንጥቁ ጋር ትይዩ መሄድ ወጥመድ ነው፣ በተለይ ጎማ የሚውጡት። ዓይንህ ስንጥቁ ላይ አይሁን፣ ማዶ ይሁን። ፔዳሎችህ እኩል ከፍታ ላይ፣ ክርንህ ተከፍቶ፣ የፊቱን ቀለል አድርግለት። ሣር የሸፈነው ጉድጓድ ካለ ግን ምን ያህል እንደሚጠልቅ ከላይ አይታወቅም። ዙረው። ደግሞ አንዳንድ አገር እንዲህ ያለው ጠፍጣፋ ድንጋይ በሕግ የተጠበቀ ነው፣ እንግሊዝ ውስጥ ለምሳሌ። በስንጥቁ ውስጥ ብርቅ ዕፅዋት ይበቅላሉ። መንገዱ ካልተፈቀደ አትግባ።

ጀማሪው፦ ጥሩ ብስክሌት የቱ ነው?

ቋጥኝ፦ ለምን? ለማን? የት? አልመልስም።

የማለዳ ወፍ፦ ውሃ ስንት ልያዝ? መንገድ ላይ ምንጭ ይኖራል ብዬ ነበር።

ቋጥኝ፦ ብዙ አትጠብቂ። የኖራ ድንጋይ አገር ዝናቡ በየስንጥቁ ሰምጦ ከመሬት በታች ነው የሚፈሰው። ላዩ ደረቅ ነው። ምንጭ ብታገኚም አይተሽው ጥርት ስላለ አትተማመኚበት። በአሸዋ ውስጥ እንደሚያልፍ ውሃ አልተጣራም፤ ላይ የከብት በረት ካለ የበረቱ ውሃ በዋሻ ቦይ ቶሎ እዚያ ምንጭ ይደርሳል። አፍልተሽ ወይም አጣርተሽ ጠጪ። ለ4 ሰዓት ጉዞ እኔ 3 ሊትር እይዛለሁ። ነጭ ድንጋይ ፀሐዩን መልሶ ፊትሽ ላይ ይረጫል፣ መነፅርም አትርሺ።

ጉድ ፈላ፦ አንድ ጊዜ ሄጄ ልንዳበት የምመኘው ቦታ ንገሩኝ።

ቋጥኝ፦ ጣሊያን ውስጥ ፊናሌ ሊጉሬና የጋርዳ ሐይቅ ዙሪያ። ከዚያ ወደ ስሎቬኒያ ድንበር ሂድና ክራስ የሚባለውን አምባ እይ። የዓለም ጂኦሎጂስቶች እንዲህ ያለውን መልክዐ ምድር ‹ካርስት› የሚሉት በሱ ስም ነው። ጋርዳ ላይ ግን የድሮ መንገዶቹ ድንጋይ ለስልሷል። የሚያብለጨልጨውን አስታውስ።

ሰባራ ራጂ፦ እሺ ጋሼ፣ ይቅርታ። 82 ኪሎ፣ 2.3 ስፋት፣ ቱብለስ።

ቋጥኝ፦ ከፊት 24፣ ከኋላ 27። አየህ፣ አንድ ደቂቃ አልፈጀም።

ሰባራ ራጂ፦ አመሰግናለሁ። ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ልወጣ ነው። ማታ ሲያካፋ ነበር፣ ከ22 ዝቅ ባደርገውስ?

ቋጥኝ፦ 5 ሰዓት ላይ ውጣ።