ሦስተኛ ፎቅ ያጥባል፣ ግራውንድ ይጥለቀለቃል

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ ነው የምኖረው። ውሃ በመጣ ቀን እኔ ምንም ሳልነካ የሻወሬ ወለል ላይ ያለው መውረጃ ጉልግል ጉልግል ይልና ጥቁር ውሃ ይተፋል። ባለፈው ቅዳሜ ሳሎን ድረስ ገብቶ ምንጣፌን ጉድ ሰራው። ሱቅ ያለው ልጅ ኮስቲክ ሶዳ ድፊበት ብሎኝ ሁለቴ ደፋሁ፣ ሳምንት ደህና ሆኖ ተመለሰ። አሁን አንዱ ሰራተኛ ወለሉ ተፈንቅሎ ቱቦው ይቀየር እያለኝ ነው። ላስቀይረው?

መልስ፦ እህቴ ምንም እንዳታስፈነቅይ፣ ብርሽን ያዢ። አንቺ ሳትጠቀሚ ውሃ ከመጣ ውሃው ያንቺ አይደለም፣ የጎረቤቶችሽ ነው። የቁሙ ቱቦ፣ ማለቴ ባለ 110 ሚሊሜትሩ ወፍራሙ፣ የሁሉንም ፎቅ ይዞ ወርዶ ግቢ ያለው ማንሆል (ክዳን ያለው የፍሳሽ ጉድጓድ) ውስጥ ይገባል፣ ከዛ በታች የሆነ ቦታ ከተደፈነ ከላይ የሚለቀቀው ሁሉ ወደ ኋላ ይሞላና ዝቅ ያለውን ቀዳዳ ፈልጎ ይወጣል፣ ዝቅ ያለው ደግሞ ያንቺ ሻወር ነው፣ ከሽንት ቤቱ ሰሃን እንኳ የሚቀድመው ወለል ላይ ስለሆነ ነው። ኮስቲኩም ድፍኑ ጋ ሳይደርስ ውሃ አቅጥኖት ቀረ።

መጀመሪያ ማንሆሉን ክፈቱ (ክዳኑ ከባድ ነው፣ ብቻሽን አትሞክሪው)። ባዶ ከሆነ ድፍኑ በቤትሽና በሱ መሃል ነው። ሞልቶ ካገኛችሁት ቁልቁል ወደሚቀጥለው ሂዱ፣ እሱም ሙሉ ከሆነ ወደሚቀጥለው፣ የመጀመሪያውን ባዶ ስታገኙ ድፍኑ በሱና በመጨረሻው ሙሉ መሃል ነው፣ አለቀ። ሰራተኛው ከባዶው በኩል ይግፋው፣ ፌሮ ከሆነ የሚያስገባው ጫፉን አጥፎ በጨርቅ ይጠቅልለው አለበለዚያ ፒቪሲውን ይበሳዋል፣ ሲለቅ ደግሞ በሃይል ነው የሚመጣው ፊቱን ቀዳዳው ላይ ደቅኖ እንዳይቆም። ከግቢ ውጪ ያለው መስመር ከሆነ የተደፈነው ያ የውሃና ፍሳሽ ስራ ነው፣ ቅርንጫፋቸው ሄዳችሁ አመልክቱ።

ምን ይወጣል መሰለሽ፣ ሞዴስ፣ ዳይፐር፣ እርጥብ ሶፍት የሚሉት ያ በውሃ የማይሟሟ ነገር። ደሞ የፈረቃው ጉዳይ አለ፣ ውሃ ሲጠፋ ሰው ይቆጥብና በጣሳ በጣሳ ይለቃል፣ ሰሃኑ ንጹህ ይመስላል ግን ቆሻሻው ቱቦው ውስጥ መንገድ ላይ ቀርቶ ይደርቃል፣ ውሃ ሲመጣ ደግሞ ህንጻው በሙሉ ባንዴ ልብስ ያጥባል። ስለዚ ከቆጠባችሁም ለሽንት ቤት ግማሽ ባልዲ ባንዴ መልቀቅ ይሻላል። ክረምት ላይ አሸንዳቸውን ከፍሳሽ መስመሩ ጋ ያገናኙ ካሉም በጊዜ አስነቅሉ፣ መስመሩ ዝናብ እንዲሸከም አልተሰራም።

ሂሳቡን ለኮሚቴው ውሰጂው። ግራውንድ ያለ ሰው የሁሉንም ቆሻሻ ብቻውን ከፍሎ ሲያስጠርግ ሳይ እኔ ነኝ የምናደደው።

ኮስቲክ መድፋትሽን ደግሞ ለሚመጣው ሰራተኛ ንገሪው እባክሽ። እኔ ስራ ስለምድ ባለቤቱ በረኪና እንደደፋ ሳይነግረኝ አሲድ ጨመርኩበት፣ ሁለቱ ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ነው የሚወጣው፣ እየሳልኩ በአራት እግሬ ነው ከሽንት ቤቱ የወጣሁት። ኮስቲክና አሲድም አደገኛ ናቸው፣ ሲገናኙ ይፈላና ፊት ላይ ይረጫል።

ጥያቄ፦ የኔ ልጅ እንደምን ነህ፣ አራት ኪሎ ነኝ። ከበዓል በኋላ ሁሌ የኩሽናው ሲንክ ይቆማል። ልጆቹ ስልክ ላይ አይተው አቼቶና ቤኪንግ ሶዳ ጨመሩበት፣ አረፋው ደስ ይላል፣ ውሃው ግን እንደቆመ ነው። የፈላ ውሃስ ብደፋበት?

መልስ፦ እማማ እግዜር ይመስገን። አቼቶና ሶዳው አረፋ ሰርተው እርስ በርስ ይጠፋፋሉ፣ ቅባቱን አይነኩትም። የፈላ ውሃም አይድፉ፣ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ቢፈላም ለፒቪሲ እሱም ብዙ ነው፣ ቱቦው ይለሰልስና መገጣጠሚያው ይላቀቃል። እጅ የሚችለው ሙቅ ይበቃል።

የርስዎ ችግር ሲፎኑ ነው፣ ከሲንኩ ስር ያለው ጎባጣው። የዶሮ ወጡ ድስት ሲታጠብ ቅቤውና የሚረጋው ዘይት በሙቅ ውሃ ፈስሶ ይሄዳል፣ ትንሽ ሄዶ ሲቀዘቅዝ ቱቦው ላይ እንደ ሻማ ይጋገራል፣ እዛ ላይ የቡሃቃው እጥበት ሲጨመርበት የጤፍ ሊጡ እንደ ጭቃ ይተኛበታል፣ ከዛ የቡና አተላ። ከስር ባልዲ ያድርጉና ልጆቹ ሲፎኑን በእጃቸው ይፍቱት፣ መፍቻ አያስፈልግም፣ ጎማዋ እንዳትጠፋ ብቻ። አጥቦ መመለስ ነው። ፈትተው ንጹህ ካገኙት ድፍኑ ግድግዳው ውስጥ ባለችው ባለ 50 ሚሊሜትር ቱቦ ውስጥ ነው፣ ያኔ ሰው ይጥሩ። ለሚቀጥለው በዓል ድስቱን መጀመሪያ በሶፍት ወይ በእንጀራ ፍርፋሪ ጠረግ አድርገው ቆሻሻ ውስጥ ይጣሉት፣ የቡሃቃውንም እጥበት ውጪ ይድፉት።

ጥያቄ፦ ካዛንቺስ ግቢያችን ያለው ሴፕቲክ ታንክ ሞልቷል። የፍሳሽ መኪና ወረፋ ስለረዘመብን ሁለት የቀን ሰራተኞች ወርደን በባልዲ እናወጣዋለን ብለውናል፣ ዋጋቸውም ደህና ነው። ምን ይመስልሃል?

መልስ፦ ወንድሜ በፍጹም! ታንኩ ውስጥ ያለው ጋዝ መጀመሪያ ይሸትሃል፣ ሲበዛ ግን አፍንጫህን ያደነዝዘውና ሽታው የጠፋ ይመስልሃል፣ ከዛ አንዱ ይወድቃል፣ ጓደኛው ሊያወጣው ይገባል፣ እሱም ይቀራል። ክዳኑን ከፍቶ ማናፈስም አያድንም፣ ዝቃጩ ሲነካ አዲስ ይለቃል። መኪናው እስኪመጣ ልብስ ማጠብና ሻወሩን ቀንሱ፣ ክዳኑ ደህና መገጠሙን እዩ፣ ልጆች ካሉ ደግሞ ላዩ ላይ እንዳይጫወቱ።